ያለ ውል

ሐዋሳ፣ አሮጌ ገበያ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
ሱቅ አለው ሌዳሞ፤
ቁም ሳጥን ታህላለች።
በመስታወቷ ውስጥ፣ ሆድ ለሆድ ተጋድሞ፣
እንደተጠበሰ ዓሣ ስልክ ተደርድሯል፤
የአንዱ ፊት ተሰንጥቋል፣
የአንዱ ጀርባ ተቀይሯል።

«ይሄስ ስንት ነው?» አልኩት በጣቴ ነክቼ።
«አራት ሺህ፤ ላንቺ ስል ሁለት መቶዋን ትቼ።»
«ዋስትናስ?»
«አለው፤ ከደጄ እስክትወጪ።»
ሳቀ። ሳቅሁኝ እኔም።
«ፊርማስ? ውል? በየወሩ የሚቆረጥ?»
«ኧረ የኔ እህት፣ ምንም።
ብሩን ትቆጥሪያለሽ፣ ስልኩን ትወስጃለሽ፤
ካርድ ሲኖርሽ ታወሪያለሽ፣
ሳይኖርሽ ትሰሚያለሽ።»

ምንም።
ጣመኝ ቃሉ።
እኔን እኮ የደከሙኝ ውሎች ናቸው፣ ይቆጠሩ ካሉ።
ፋብሪካ ስገባ፣ መርፌውን ሳልለምድ፣
ሰው ባነበበልኝ ወረቀት ላይ
ትከሻዬን ለሁለት ዓመት ፈረምኩ፤
ኮሌታ ስሰፋ ኖርኩ፣ ኮሌታ ብቻ፣
የሸሚዙን ደረት አንድ ቀን ሳላይ።
አከራዬ ደግሞ በልጇ ደብተር፣ በእርሳስ፦
«ከምሽቱ ሦስት በኋላ በር አይከፈትም።
ውኃ በፈረቃ ነው።
እንግዳ አያድርም።»
ዳንጊሶ ወረቀት አልፈለገም፤ በሽማግሌ ፊት፣
«እስከ ሞት» ያለኝ ሰው እስከ ዲላ ብቻ ዘለቀ፤
የቡናው ወቅት መጣ፣
ሄደ፣
አለቀ።

ሰኔ ላይ ፋብሪካው «አናድስም» አለኝ።
አልከፋኝም ብል ዋሸሁ።
የመጨረሻ ደመወዜን ይዤ
ሌዳሞ ጋ መጣሁ።
ከደረቴ አውጥቼ ቆጠርኩለት፤ ብሩን ላብ ነክቶታል።
እሱም ደግሞ ቆጠረ፤ ከሰው ይልቅ ጣቱን ያምናል።
ሲሜን ከአሮጌው ቀፎ በጥፍሩ ነቅሎ አዛወረልኝ፤
«በይ፣ እንደ አዲስ ነሽ» አለ።
ስልኩን ይሁን እኔን፣ አልገባኝ።

ማታ፣ አቶቴ፣ ኪራይ ቤቴ፣
ትራስ ስር አድርጌው ተኛሁ፤
የሚጠራኝ የለም፣ የምጠራው የለም፣
ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ መሰለኝ፤ ረሳሁ።

ሌሊት አስር ሰዓት ጮኸ።
ቀጭን ድምፅ፣ ጉሮሮው እንደታመመ ዶሮ፤
ከስሩም ጽሑፍ፣ ሌዳሞ ሳያጠፋው ቀርቶ ኖሮ፦
«ተነስ። መረቡ ውኃ ውስጥ አድሯል።»

ማን ነው?
ጀልባውን ሸጦ ነው ስልኩን የሸጠ?
ወይስ ስልኩን ሸጦ ለጀልባው ቀዳዳ ጣውላ ለወጠ?
ወይስ ተሰርቆበት፣ ቀሰቃሽ አጥቶ ረፈደ፣
መረቡን ሌላ ሰው
ጎትቶበት ሄደ?

ጣቴ «አጥፋ» የሚለው ላይ ደረሰ፤
ቆመ። ተመለሰ።

በማግስቱም ጮኸ። በሦስተኛውም ቀን።
ትናንት ነጠላዬን ደርቤ ወረድኩ እስከ አሞራ ገደል፤
አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ተጀንነው ቆመዋል፤
ጀልባ መጣ፣ ጀልባ መጣ፣
ዓሣው ተራገፈ፣ ጮማው፣ አጥንቱ።
«ስልክ የጠፋበት አለ?» ልል አስቤ፣
«የኔ ነው!» ይላሉ ሁሉም አልኩና፣
ዝም አልኩ።
ሁለት ቆሮሶ ገዝቼ ተመለስኩ።

ዛሬ ሌዳሞ አየኝ፤ «እንዴት ነው ስልኩ?» አለኝ።
«ደህና ነው» አልኩት።
ምን ልበለው?
ያለ ውል ነው የሸጠልኝ፤ አልዋሸኝም።
ነገር ግን ሌሊት፣ አስር ሰዓት ሊሆን ሲል፣
ደወሉ ሳይቀድመኝ እነቃና፣
ያ የማላውቀው ሰው፣ ያ እርጥብ እጁ፣
ጨለማው ውስጥ
ውል አለኝ።

ጠብቆም ይነበብ፣
ላልቶም፤
እኔ ለይቼ አልጻፍኩትም።